ባለ ስምንቷ ዳዶ

ከፍያለው አፉን ቢይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ግን በሰው አገር፣ ናካዋ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የካሚዮን መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሰው አፍ መያዝን ከየት ይማራል? ነገሩ እሑድ ምሳ ላይ ነው የተጀመረው። ሚስቱ ሔሊና በአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ አሁን ደግሞ በዙሪያው አገሮች ላሉት ቅርንጫፎች አሠልጣኝ ሁኚ ብለዋታል። ሹመት ነው። ችግሩ በየወሩ አሥር አሥር ቀን ከቤት መውጣት አለባት፤ አንዴ ናይሮቢ፣ አንዴ ኪጋሊ፣ አንዴ አዲስ አበባ። ልጃቸው ሚልኪያስ ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው። እሷ ልጁን ምን ላድርገው ብላ ስትጨነቅ፣ ከፍያለው ጥብሱን እያላመጠ መለሰላት።

«ልጅ መጠበቅ ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሔሊና ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ አልተቆጣችም። እጇን በሶፍት ጠረገችና ቀስ ብላ፣ እንግዲያው እንሞክረዋ፣ አለች። ለሥልጠና አሥር ቀን አዲስ አበባ መሄዷ ነው። ሞግዚቷ ፌኒም በዚያው ሰሞን ለእህቷ ሠርግ ምባራራ ትወርዳለች። ስለዚህ እሱ ሱቁን ለሠራተኛው ለያሕያ ትቶ ልጁን ብቻውን ይይዛል። መሥሪያ ቤቷ መልሷን የሚጠብቀው እሷ ከሄደች በኋላ እስካለው ሁለተኛ ዓርብ ድረስ ነው። እሱ ከቻለ ሥራውን ትቀበላለች፤ ካልቻለ ትተዋለች፤ ቂም የለም። ምሳውን አብረዋቸው ይበሉ የነበሩት እትዬ ገንዘቤ፣ ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩትና ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከፍያለውን እልህ ውስጥ የከተተው ያ ሳቅ ነው።

እሱ ራሱ ወር በመጣ ቁጥር ዕቃ ጭኖ ወደ ጁባ ይወጣል። ሲፈጥን አሥር ቀን፣ መንገዱ ሲበላሽ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል። ያን ጊዜ ልጁን ማን እንደሚያቅፍ፣ ማን እንደሚያጥብ፣ ማን እንደሚያስተኛ አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም። እሱ ሲሄድ ሥራ ሄደ ይባላል፤ አለቀ።

ሐሙስ ማለዳ ሔሊና ስትሄድ አንድ ሰማያዊ ደብተር ትታለት ሄደች። ሽፋኑ ላይ «ልጅ የሚማረው ሲጫወት ነው» ብላለች፤ ከሥሩ በቀይ፣ «ስልክና ቴሌቪዥን ክልክል»። ውስጡ በሰዓት የተከፋፈለ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሊጥ፣ አራት ሰዓት ላይ ውኃ መገልበጥ፣ አምስት ሰዓት ላይ ቀለም መለየት፣ ከእንቅልፍ በኋላ መጽሐፍ፣ ከዚያ ድብብቆሽ። ከፍያለው አገላብጦ አየውና ሳቀ። የጁባን መንገድ ኬላ ሁሉ እየተጨቃጨቀ ያለፈ ሰው በሊጥ ሊፈተን!

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ሚልኪያስ ያቦካው ለእራት ባይበቃም ለሶፋው፣ ለግድግዳው፣ ለበሩ እጀታና ለአባቱ ጺም በቅቶ ተርፏል። ደብተሩ ሊጥ የልጁን ጣቶች ያጠነክራል ይላል። የጠነከረው ግን ሊጡ ነው፤ ከፍያለው ከምንጣፉ ላይ በቢላ ሲፈቀፍቅ ዋለ። በማግሥቱ የውኃው ተራ ሆነ። ከኩባያ ወደ ኩባያ መገልበጥ ነው፤ ልጁ ሙሉና ጎዶሎን ይለይበታል ተብሏል። ሚልኪያስ ሁለት ጊዜ ገለበጠ፤ ሦስተኛው ላይ ሰለቸውና ባልዲውን አነሣው። እትዬ ገንዘቤ ከታች፣ ጣሪያዬ እያለቀሰ ነው፣ ብለው ደወሉ። በሦስተኛው ቀን ከለሮቹን በየቀለማቸው ሲያስቀምጡ ከቀዩ ግማሹ ጠፋ። ከፍያለው ቤቱን ቢያስስ ቢያስስ አጣው፤ በልቶታል ብሎ ደመደመ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

ይሁን፤ ይሄ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው «ደሞ!» የምትለው ቃል ናት። ሚልኪያስ የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ውኃን ራሱ ከፌኒ በተማረው የአገሬው ቋንቋ፣ በሉጋንዳ፣ «ማዚ» ነው የሚለው። «ደሞ» ላይ ግን አንደበቱ አይሰናከልም። ስለ አንዲት ፍየል የሚያወራው መጽሐፍ ሲያልቅ፣ ደሞ! ፍየሏ ወንዙን ተሻግራ፣ ሣሯን ግጣ፣ ቤቷ ገብታ፣ ደሞ! ከፍያለው ፍየሏን በአንድ ከሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ አሻግሯታል። በመጨረሻ ወንዙ ይውሰዳት ብሎ ቢጨርሰው ልጁ አለቀሰና ከመጀመሪያው አስጀመረው። ድብብቆሹም ያው ነው። ሚልኪያስ ሁልጊዜ የሚደበቀው መጋረጃው ጀርባ ነው፤ እግሩ ይታያል፤ ሆዱ ይታያል። አባትየው ግን በየክፍሉ እየዞረ፣ ሚልኪ የት ሄደ፣ እያለ መጨነቅ አለበት። ሳይጨነቅ ካገኘው ጨዋታው አይቆጠርም፤ ደሞ!

በአራተኛው ቀን የከፍያለው ወገብ ፈረስ በመሆን ብዛት አልቀና አለ። ሽንት ቤት እንኳ ብቻውን አይገባም፤ በሩን ቢዘጋ ልጁ በታች በኩል ጣቶቹን አስገብቶ ይጣራል። ሻይ ካፈላ አይጠጣውም፤ ሲያገኘው ቀዝቅዟል። ያሕያ ከሱቅ እየደወለ ይህ ዕቃ ስንት ነው ይለዋል፤ እሱ በአራት እግሩ ሆኖ፣ አፉ ውስጥ የልጅ ካልሲ እንደ ልጓም ገብቶ፣ ይመልሳል። ልጁ ሲተኛ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ ያ የተከፈተ አፍ፣ ያ ላብ ያለበት ግንባር አንጀቱን ይበላዋል። ተነሥቶ «ደሞ!» እስኪል ድረስ ነው ታዲያ።

ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሔሊና በቪዲዮ ትደውላለች። ከዚያ በፊት ሸሚዙን ይቀይራል፣ ልጁን ያጥባል፣ መጫወቻውን ሁሉ በእግሩ ሶፋው ሥር ይገፋና፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ ይላል። እንዴት ነው፣ ይከብዳል ወይ፣ ስትለው፣ ምኑ ይከብዳል፣ ይላል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ልቡ ሌላ ነገር እየመኘ ነበር። ሥራውን ብትተወው። እሷ ራሷ ብትተወው፤ እሱ ሳይጠይቅ፤ እትዬ ገንዘቤ ሳይስቁ።

ስምንተኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። ዓርብ መልስ መስጫዋ ነው። ከፍያለው ጠዋት ገንፎ ከሸሚዙ ላይ እየጠረገ ቆረጠ፤ ዛሬ ማታ ይነግራታል። አልቻልኩም አይልም፤ እሱስ ከአፉ አይወጣም። ልጁን ናፍቀሽዋል፣ ቀን ቀን ይጠራሻል፣ ለልጁ ስል ነው፣ ይላታል። ንግግሩን ሦስት ጊዜ ለራሱ ደገመው፤ ጥሩ ሆኖ አገኘው። ሔሊና እንዲህ ከተባለች እንቢ እንደማትል ያውቃል።

ውሳኔው ቀለል ሳያደርገው አልቀረም፤ ሐሳብ መጣለት። ዱቄትና ባልዲ ምን ያደርጋል፣ እሱ የሚያውቀው ጨዋታ እያለ? ለያሕያ ደወለና አሥራ ሁለት ቡሎን ጫፉ ላይ ከሚጠብቀው ከነዳዶው፣ ከትንሿ ባለ ስድስት ሚሊ ሜትር እስከ ትልቁ፣ ግራሶው ታጥቦ በቦዳ ሞተር ሳይክል እንዲላክለት አዘዘ። ያሕያ ደንበኛው ማነው አለው። ልጄ ነው፣ አለው ከፍያለው።

ተአምር ነው የሆነው። ሚልኪያስ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ፤ አልተነሣም። አንዷን ዳዶ ያነሣና ቡሎኑ ላይ ይሞክራታል፤ እንቢ ስትል ሌላ ያነሣል። ስትገባለት ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ያዞራታል፤ ከፍያለው ራሱ ሲሠራ ምላሱን የሚያወጣው እንደዚያው ነው። ግማሽ ሰዓት ሞላ። «ደሞ» የለ፣ ለቅሶ የለ። ከፍያለው ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ በስምንት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻዩን በትኩሱ ጠጣ። ሞኝ አይደለም፤ ዳዶ አፍ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል። ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳያነሣ በየጊዜው ይቆጥራል፤ አሥራ ሁለት ቡሎን፣ አሥራ ሁለት ዳዶ።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ያሕያ ነው። አንድ ደንበኛ የወሰደው ፍሪሲዮን አልገጠመም ብሎ ሱቁን ቀውጢ አድርጎታል። ከፍያለው ልጁን እንዳያስደነግጥ በረንዳ ወጣና ከደንበኛው ጋር ተጯጯኸ። አምስት ደቂቃ ይሆናል። እሺ፣ አሥር። ሲመለስ ሚልኪያስ ግድግዳው ላይ ካለው የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ሥር ቆሟል፤ እጁ ባዶ፣ አፉ ግጥም። ከፍያለው ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ቡሎን አሥራ ሁለት፤ ዳዶ አሥራ አንድ። ባለ ስምንቷ የለችም።

ክው አለ። የልጁን አፍ በጣቱ ከፈተ፤ ልጁ ነከሰው። ሶፋውን ገለበጠ፣ ምንጣፉን አራገፈ፣ ከሥዕሉ ሥር ካለችው መደርደሪያ ጀርባ እጁን አስገባ፤ አቧራ ብቻ ነው። ተንበረከከና የልጁን ትከሻ ይዞ፣ ዳዶዋ የት ናት፣ አለው። ሚልኪያስ ሁለት መዳፉን ገለበጠና፣ «የለም»፣ አለ። በላሃት ወይ ቢለው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጣልካት ወይ ቢለውም ነቀነቀ። ዝሆን ነህ ወይ ቢለው ኖሮም ይነቀንቅ ነበር። ከፍያለው ግን መጀመሪያ የሰማው በቃው፤ ከለር የበላ ልጅ ዳዶ ምን ያቅተዋል? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አለና ልጁን አቅፎ በባዶ እግሩ ደረጃውን ወረደ።

ዝናብ እየጣለ ነበር። ያገኘው ቦዳ ላይ ወጣ፤ ልጁን በጃኬቱ ውስጥ አድርጎ፣ ሹፌሩን አንዴ ፍጠን አንዴ ቀስ በል እያለ፣ የኪሱጉን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ክሊኒኩ ደረሰ። ሚልኪያስ በደስታ እየጮኸ ነው፤ ከተወለደ እንዲህ ያለ ጨዋታ አላየም። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፣ ሆዱን ዳበሰች፣ ብስኩት ሰጥታ ሲውጥ አየችው። ትንፋሹ ንጹሕ ነው አለች። ትንሽና ለስላሳ ከሆነች ራሷ ልትወጣ ትችላለች፤ ግን በራጅ መታየት አለበት፤ ራጅ የሚያነሣው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል። እስከዚያ ቤት ይዋል፤ ካሳለው ወይም ካስመለሰው ግን በሩጫ ይምጣ። ከዚያ ዳዶ ልጁ እጅ እንዴት እንደገባ ጠየቀችው። ከፍያለው ሌላ ነገር ቢጠፋበት፣ ትምህርት ላይ ነበርን፣ አላት። ሐኪሟ ቀና ብላ ባዶ እግሩን አየችና ጻፈችው።

ቤት ሲመለስ ሰዓቱ ስድስት ነው። ሦስት ሰዓት ሊጠብቅ ነው። እትዬ ገንዘቤ ወሬውን ከግቢው ዘበኛ ሰምተው፣ ሥራቸውን ጥለው፣ አንድ እጅ ሙዝ ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ልጁን ተቀብለው ፖፖው ላይ አስቀመጡትና ሙዝ ያጎርሱት ጀመር። ሙዝ ያልገፋው ብረት የለም ይላሉ፤ የት እንዳዩ እግዜር ይወቀው። ከፍያለው ከፖፖው ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ ፖፖው ይመላለሳል። ልጁ ሳል ሲል እሱ ይቆማል። ልጁ ሲስቅ እሱ ሊያለቅስ ይደርሳል።

«እትዬ፣ ምን ይሻለኛል?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ሙዝ ነው ያለኝ» አሉት። «ሌላውን ሂድና ለባለቤቱ ንገረው።» በአገጫቸው ወደ ሥዕሉ አሳዩት።

ከፍያለው ሥዕሉ ፊት ቆመ። ከሥዕሉ ሥር፣ ልጅ እንኳ በሚደርስባት መደርደሪያ ላይ፣ አንዲት የእንጨት ሣጥን አለች፤ ክዳኗ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያላት፣ ለሐምሌ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወስዷት የስለትና የመባ ሣጥን። ከፍያለው ነጋዴ ነውና መጀመሪያ በትንሹ ጀመረ። ጃንጥላ አስገባለሁ አለ። ዋጋ ጨመረና ጃንጥላና ምንጣፍ አለ። ግን አፉ ይናገራል እንጂ ልቡ አልተናገረም። ጃንጥላማ ማንም ያመጣል፤ ካባላጋላ ያለ ሰካራም ሁሉ ጃንጥላ ተስሏል። መልአኩ የሚያየው ሌላ ነገር እንደሆነ ታወቀው። ጠዋት ገንፎ እየጠረገ የቆረጠውን፣ ሦስት ጊዜ የደገመውን ያን ጥሩ ንግግር። በልጁ ስም ሊዋሽ ነበር፤ ልጁ ይኸው።

«ገብርኤል» አለ ጮክ ብሎ፣ «ልጄን በሰላም አውጣልኝ። ሔሊና ሥራውን ትያዝ። በየወሩ አሥሩንም ቀን እኔ እይዘዋለሁ። ትንፍሽ አልልም።»

ከጀርባው እትዬ ገንዘቤ፣ አሜን፣ አሉ፤ ምስክር ሆኑ ማለት ነው። ከፍያለው ስለቱን ሊያጸና ሣጥኗን አንሥቶ ሊሳለማት ወደ ግንባሩ አቀረባት። ውስጧ ተንኳኳ። የሳንቲም ድምፅ አይደለም። የዳዶን ድምፅ ከሳንቲም ድምፅ የማይለይ ሰው ናካዋ ሃያ ዓመት አይነግድም። ነቀነቃት፤ ደግሞ ነቀነቃት። ካቻቢቴውን አምጥቶ ከሥሯ ያሉትን አራት ብሎኖች ሲፈታ አራቱን ለመፍታት የስምንት ያህል ጊዜ ወሰደበት።

ባለ ስምንቷ ዳዶ ቁጭ ብላለች። ብቻዋን አይደለችም። የቀዩ ከለር ግማሽ አለ። የሶዳ ክዳን አለ፣ ሁለት። አጣቢዋን የጠረጠረባት የሸሚዙ ቁልፍ አለች። ያሕያን አንድ ሙሉ ቀን ያስለቀሰበት የሱቁ ትርፍ መክፈቻ አለ። የመኪና መጫወቻ ጎማ፣ የሔሊና የፀጉር ማስያዣ፣ አንዲት ባቄላ። ከፍያለው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጁን ከፖፖው ላይ አንሥቶ ሳመው፤ ሙዝ አፉ ሙሉ ስለሆነ ሙዙንም ሳመው። ሳቀም፣ አለቀሰም፤ ሐኪሟ ጋ ደውሎ መገኘቷን ሲነግር ቃሉ ተደበላልቆበት ስልኩን እትዬ ገንዘቤ ተቀበሉት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ነጋዴው ነቃ። ቆይ እንጂ። ልጁ ዳዶዋን ውጦ ከሆነ ነው እንጂ በሰላም አውጣልኝ የሚባለው። አልዋጣትም። እሱ ሲሳል ዳዶዋ ሣጥን ውስጥ ነበረች፤ መልአኩም ያውቃል። ዕቃ ሳይረከቡ ዋጋ ይከፈላል ወይ? ጃንጥላውን እሺ፤ ምንጣፉንም እሺ። ያኛው ግን በድንጋጤ የተነገረ ነው፤ በየወሩ አሥር ቀን፣ ትንፍሽ ሳይሉ! ይህን ሁሉ ለእትዬ ገንዘቤ አስረዳቸው። ሴትዮዋ የሙዙን ልጣጭ እየሰበሰቡ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«አንተ የለመንከው ልጄን በሰላም አውጣልኝ ብለህ ነው» አሉት። «ወጣ፣ አልወጣም?»

ከፍያለው ሄዶ የገለበጠውን ሶፋ አቃና።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሔሊና ደወለች። ከፍያለው ሸሚዝ አልቀየረም፤ ልጁንም አላጠበም፤ ምንጣፉ ላይ ቡሎን ተበትኗል። እንዴት ዋላችሁ ስትለው ሁሉ ሰላም ነው አላለም። ከሊጡ ጀምሮ ነገራት። ባልዲውን ነገራት፣ ፍየሏን ነገራት፣ ከለሩን ነገራት። በረንዳ ላይ የቆየባትን አሥር ደቂቃም ነገራት። ሔሊና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች፤ አንድ ጊዜ ልጁን አሳየኝ አለችና አሳያት፤ ሚልኪያስ ሙዝ አሳያት። ዳዶዋ የት እንደተገኘች ሲነግራት ግን እጇን ከአፏ አወረደች። ሌላስ ምን ነበረበት ሣጥኑ ውስጥ፣ አለችው። አንድ በአንድ ቆጠረላት። ዘጠኝ ዕቃ ነው።

«አንተ ጁባ ስትሄድ» አለች፣ «ማታ ማታ ሳይተኛ በፊት አንድ ሳንቲም እሰጠዋለሁ። አባዬን በሰላም አምጣልን ብለን እናስገባለን። እስክትመጣ ድረስ፣ በየቀኑ። አሁን እኔ የለሁም፤ ሳንቲም ማን ይስጠው? እሱም ያገኘውን አስገባ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ቤትም ለባለቤቱ ባዳ ይሆናል ለካ። ከፍያለው ያቺን ሣጥን በየዓመቱ ለሐምሌ ገብርኤል ተሸክሟት ሄዷል። ከመባው ያለፈ ነገር ውስጧ አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። እሱ በጁባ መንገድ ጭቃ ውስጥ ጎማ ሲቀይር፣ እዚህ ሁለት ሰዎች በባዶ እግራቸው ቆመው ስሙን ይጠሩ ኖሯል። ጠዋት ልጁን ናፍቀሽዋል ብሎ ሊዋሻት ቆርጦ ነበር፤ ውሸቱ እውነት ሆኖ ስምንት ቀን ሙሉ አፍንጫው ሥር ተቀምጧል። ስምንት ቀን፣ ዘጠኝ ዕቃ፤ አንድ ቀን ሁለት ሳያስገባ አልቀረም። ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው።

«ያዢው ሥራውን።»

ዛሬ ይህን ሁሉ ካሳለፍክ በኋላ ነው እንዲህ የምትለው፣ አለችው። ማመን አቃታት። ምን ነክቶህ ነው፣ አለችው።

«ሥራ ነው» አላት። «ልጅ መጠበቅ ሥራ ነው፤ ያኔ ያልኩት ስሕተት ነው። እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ያበግነኛል። ግን እሠራዋለሁ። በረንዳም አልወጣም።»

ሔሊና ዓይኖቿን ጠበብ አድርጋ፣ ተስለህ ነው እንዴ፣ አለች። ከፍያለው እትዬ ገንዘቤን ጠይቂያቸው አለና ስልኩን ለልጁ ሰጠው። ሔሊና ሳቀች፤ ስትስቅ ከሰማ ስምንት ቀኑ ነበር።

ከተዘጋ በኋላ ሣጥኗን ገጣጠመ። ዕቃዎቹን አውጥቶ ሳንቲሞቹን ብቻ መለሰና አራቱን ብሎኖች ጥብቅ አድርጎ አሠረ። ቡሎኖቹን ከነዳዶዎቻቸው በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀላቸው፤ ባለ ስምንቷን ብቻ ኪሱ አስቀራት። ከዚያ ልጁን ሥዕሉ ፊት አምጥቶ አንድ ሳንቲም ሰጠው። ለእማዬ፣ አለው። ሚልኪያስ ሳንቲሙን አየና ወለሉ ላይ ጣለው። እጁን የዘረጋው ወደ አባቱ ኪስ ነው። ከፍያለው ሳንቲሙን አነሣ፤ ልጁ ጣለው። እንዲህ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አምላኬ፣ ሊል ነበር፤ ትንፍሽ አልልም ያለው ትዝ አለውና ዋጠው።

ዳዶዋን አወጣ። ትንሿን እጅ በትልቅ እጁ ጠቅልሎ፣ እስክትገባ ድረስ ሳይለቅ፣ ቀዳዳው ላይ አደረሳት። ሚልኪያስ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቷል። ዳዶዋ ወረደችና ቋ አለች።

«እማ» አለ ሚልኪያስ።

ከፍያለው አንገቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ሲመለስ ልጁ ሣጥኗን በሁለት እጁ ይዞ ቀና ብሎ እያየው ነው።

«ደሞ!»

ሣጥኗ ተዘግታለች። ዳዶዋ ውስጥ ናት፤ አራቱም ብሎኖች ጥብቅ ብለው ታሥረዋል። ከፍያለው አፉን ከፈተ። ሥዕሉን አየ። አፉን ዘጋና ካቻቢቴውን ሊያመጣ ተነሣ።